ያለ መነጽር የተነበበው ምስጢር

ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ለውዝ የሚሸጡ፣ ከገጠሩ ከድሬ ጠያራ የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። ለውዙን የሚጠቀልሉት መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ነው ብለው በኪሎ በሚሸጡት ወረቀት ነው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። እኔ ደግሞ አስተማሪ ሳይነካኝ ፊደል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ አደባባዩ ላይ እንደኔ የሚያነብ የለም፣ ይህንንም ለሁሉም ነግሬያለሁ። ስለዚህ ለውዜን ስጨርስ ወረቀቱን ዘርግቼ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ፖሊስ ለውዝ ገዝቶ ሲፈታ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም አየ። የቀረው ሰነድ ከእማማ ዘንቢል ውስጥ ተገኘ። ተከሰሱ።

ዐቃቤ ሕጉ ሁለት ነገር ማስረዳት ነበረበት፦ ሰነዱ እጃቸው እንደነበረ፣ የያዙት ምን እንደሆነ ማወቃቸውንም። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ዘንቢሉ የእሳቸው ነው። ለሁለተኛው እኔን ጠራ። ከዚያው ሰነድ አንዱን ገጽ ሳነብላቸው አጠገባችን ያለው ካፌ ሁሉ ሰምቶኛል።

ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ እማማ ክንዴን ያዙ።

«ያነበብክልኝ የዝናቡን ነገር አይደል?»

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ዝናብ ምኑ ነው ምስጢሩ? ወላሂ እኛ ሰፈር ፍየሉም ያውቀዋል።»

ውስጥ ዐቃቤ ሕጉ ገጹን ሰጠኝ። «ያን ዕለት እንዳነበቡላቸው ያንብቡ።»

ወረቀቱን ራቅ አድርጌ ያዝኩት። አሁንም ራቅ አደረግሁት፤ እጄ አለቀ። ሐኪም መነጽር ካዘዘልኝ ሦስት ዓመቱ ነው። ዓይኔ የንስር ነው እያልኩ ስለማወራ አልገዛሁም። ከዚያ ወዲህ የማነበው ከጭንቅላቴ ነው፤ ይህንን የሚያውቅ የለም። ከኋላዬ የካፌው ግማሽ ተቀምጧል። ዝም ብል እማማ ይታሰራሉ።

አነበብኩ፦ «በድሬ ጠያራ ዝናቡ ስለዘገየ ገበሬው ዘሩን ያቆይ።»

ዳኛዋ ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። «እዚህ ላይ ስለ ዝናብ የተጻፈ ነገር የለም።»

«አይኖርም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። አይታየኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከራሴ ነው ያነበብኩት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ምስክር አልነበረውም። እማማ በነጻ ተሰናበቱ።

ደጅ ላይ «አልሐምዱሊላህ» ካሉ በኋላ ዞር ብለው አዩኝ።

«ማዳበሪያ በነጻ ይመጣል ያልከውስ?»

«እሱም ከራሴ ነው።»

«ሰፈሩን ሁሉ ከረጢት አስይዤ አስጠብቄያለሁ እኮ።»

አሁን ለሌላው ሰው ለውዝ በወረቀት ይጠቀልላሉ። ለእኔ መዳፌ ላይ ያፈሱልኛል።