ልዑካኑን ደሴት ላይ ትቶ የሄደው ቡድን

ዓርብ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ባሕር ዳር

ጀልባው የሚነሳው 12 ሰዓት ነው ስለተባለ 12 ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ የተገኘነው ተጫዋቾቹ፣ አሰልጣኙ፣ የጀልባው ነጂ ውባንተ እና ዘጋቢዋ እኔ ነን። ፀሐይም ሰዓቷን አክብራ ከሐይቁ ማዶ ብቅ ብላለች። ልዑካን ቡድኑ ገና አልመጣም።

እስኪመጡ ድረስ ቡድኑን ላስተዋውቃችሁ። እነዚህ ሴቶች የሚጫወቱት የአውስትራሊያውያንን እግር ኳስ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእግር ይመታል፣ በእጅ ይያዛል፣ በጡጫ ይቀባበሉታል። በሜዳው በሁለቱ ጫፍ አራት አራት ቋሚ ይተከላል። በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መሐል በእግር ተመትቶ ያለፈ ስድስት ነጥብ፣ በጎን ያለፈ አንድ ነጥብ ያስገኛል። አሰልጣኙ ለአጭር ሥልጠና እዚያ አገር ደርሶ ሲመለስ ሁለት ኳስ ይዞ መጣ። መጀመሪያ የሞከሩት ወንዶች ነበሩ፤ ኳሱ እነሱ ወዳሰቡት ስለማይነጥር በሁለተኛው ሳምንት ተደባድበው ተበተኑ። ሴቶቹ ነገር ሁሉ እንዳሰቡት ሲሄድ አይተው ስለማያውቁ ምንም አልገረማቸው።

ልምምድ የጀመሩት ዘንዘልማ፣ በአዳዲስ ቤቶች መሐል የተረፈ አንድ አውድማ ላይ ነው። ያኔ ሜዳ ሊለምኑ ስፖርት ቢሮ ሲሄዱ “እናንተን ማን ያገባችኋል?” ብለው የመለሷቸው ክቡር ኃላፊ ዛሬ የልዑካኑ መሪ ናቸው። ተመልካቹ አጥር ላይ እስኪንጠለጠል ሲበዛ እሳቸው የቡድኑ መሥራች አባት መሆናቸውን ከሬዲዮ ሰማን።

1 ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ክቡር ኃላፊው፣ ምክትላቸው፣ የምክትላቸው ረዳት፣ ካሜራ የያዘ፣ ባነር የያዘ፣ እንዲሁም በምን ኃላፊነት እንደመጡ ማንም ያልጠየቃቸው የኃላፊው አጎት። ሁሉም አዲስ ቱታ ለብሰዋል። የተጫዋቾቹ ማሊያ አምና የታደለው ነው፤ ጀርባው ላይ “በሰላም ይተኙ” ይላል። አብረዋቸው የመጡት ስፖንሰሩ ጋሽ አለልኝ የፍራሽ ፋብሪካ ባለቤት ናቸው። በጡጫ ኳስ እየመታች ወደ እናንተ የምትሮጥ ሴት እንቅልፍ ስትመኝላችሁ አስቡት።

ለዚህ ጉዞ ምክንያቱ ጋሽ አለልኝ ናቸው። ጎርጎራም እንዲህ ያለ ቡድን አላት። እሳቸው ለአንዱ ብቻ ደመወዝ ሊቆርጡ ቃል ገብተዋል፤ ዛሬ 8 ሰዓት ላይ ጎርጎራ ላይ ያሸነፈው ቡድን በደመወዝ የሚተዳደር ይሆናል። ያረፈደ እንደተሸነፈ ይቆጠራል። ዳኛዋ ከጎንደር ስለሚመጡ ከመምሸቱ በፊት መመለስ አለባቸው፤ የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ፣ እኛም በውኃ የምንሄደው ለዚሁ ነው።

ውሉ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቃት አምበሏን ሰብለን ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ አለቃዋ ከኳስና ከሥራ ምረጪ ሲላት መረጠች። አባቷ በሐይቁ ዳር ካሉት አድባራት ባንዱ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። እስከ ፋሲካ ደመወዝተኛ ካልሆነች ወደ ቤት እንድትመለስ፣ እዚያም የታጨላት ሰው እንዳለ ነግረዋታል። አሁን ሁዳዴ ተጋምሷል።

ረፋድ 5 ሰዓት፤ ሐይቁ መሐል

ውኃው ጸጥ ብሏል። ክቡር ኃላፊው ከጀልባው ፊት ቆመው ንግግር ይለማመዳሉ፤ ተጫዋቾቹ ከኋላ ከሞተሩ ጢስ ጋር ተቀምጠዋል። ከፊታችን በዛፍ የተሸፈነ ደሴት ይታያል። ገዳም ነው፣ ሴት አይገባበትም። ስሙን አልጽፍም፤ መነኮሳቱ በዚህ ወሬ ምንም ጥፋት የለባቸውም።

የኃላፊው አጎት ለቡድኑ ድል ቡራኬ ሳንቀበል እንዴት እናልፋለን አሉ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሙሉ ድምፅ ስል ከፊት ያለውን ማለቴ ነው። ሰብለ ከኋላ ሆና ሰዓት እንደሌለን ብትናገር ምክትሉ “ሃያ ደቂቃ ነው” አሏት። ጀልባውን ከሚጠብቀው ከውባንተ በቀር ወንዶቹ በሙሉ፣ አሰልጣኙም ጭምር፣ ስልካቸውን ለሴቶቹ አደራ ሰጥተው ዳገቱን ወጡ። ስለ ሴቶቹ ሊጸለይ ሴቶቹ ጀልባ ውስጥ ቀሩ። እኔም ሴት ነኝና ቀረሁ።

ቀትር፤ እዚያው

ሃያው ደቂቃ ካለፈ ቆየ። ከዳገቱ ላይ ደወል ተሰማ። ሰብለ ብድግ አለች፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ደወሉ ምን እንደሚል ለመረዳት የማንም ትርጉም አያስፈልጋትም። ጀልባ ማሰሪያው አጠገብ ዳዊት የሚደግሙ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ነበሩ። ከጀልባው ሳትወርድ እጅ ነስታ ጠየቀቻቸው።

“አባ፣ ሰዎቻችን ቤተ ክርስቲያን ገብተዋል?”

“ገብተዋል ልጄ። እንግዶች ናቸው ተብለው ከፊት ቆመዋል።”

“ቅዳሴው ተጀመረ ማለት ነው?”

“ተጀመረ እንጂ። እንግዲህ ‘እትዉ በሰላም’ ሳይባል ማን ይወጣል?”

ለማያውቅ ሰው፣ በጾም ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ነው፤ የሚያበቃው ወደ 9 ሰዓት ግድም። ከተጀመረ በኋላ አቋርጦ መውጣት ነውር ነው፤ ከፊት ለቆመ ባለሥልጣንማ የማይታሰብ። አገር የሚያስተዳድሩት ሰዎቻችን ሁዳዴ መሆኑን ረስተው ለሃያ ደቂቃ ብለው ቅዳሴ ገብተዋል። እኔ ሳቄ መጣ። የሰብለ እንባ ነበር የመጣው።

ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጠብቁ የምትል አለች፤ ገንዘቡ የጋሽ አለልኝ ነው፣ እሳቸውን ደሴት ላይ ትተን ሄደን ማን ሊፈርምልን ነው? ሰብለ እንባዋን በማሊያዋ ጠረገች።

“ብንጠብቃቸው ሕጉ ይጥለናል። ብንሄድ እሳቸው ይቆጣሉ። ቁጣ ይበርዳል፤ ሕግ አይበርድም። አያ ውባንተ፣ ሞተሩን አስነሳው።”

ውባንተ እኔን አየኝ። እኔ ወደ ውኃው አየሁ። ሞተሩ ተነሳ። መነኩሴው ከዳር ሆነው መስቀላቸውን ዘርግተው ሁሉንም ባረኩ፤ ሰዎቹን ንፍሮ አቅምሰን በሚገኝ ጀልባ እንልክላችኋለን፣ አታስቡ አሉ። ልዑካኑ ዳገት የወጡለት ቡራኬ ዳገት ሳይወጣ ጀልባው ድረስ መጣ።

8 ሰዓት፤ ጎርጎራ

ለስምንት ጥቂት ሲቀረው ደረስን። የመጨረሻውን ሰዓት ከነፋሱ ጋር ተሽቀዳድመናል፤ ሁለት ተጫዋቾችን አስመልሷቸዋል። ሜዳው ዳር ድንኳን ተተክሏል፤ ለክብር እንግዶች የተደረደሩት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ዓሣ አስጋሪው፣ ተማሪው፣ ዓሣ የጾም ነው አይደለም እያለ የሚከራከረው ሁሉ ቆሞ ያያል።

ዳኛዋ ሰዓታቸውን አይተው ፊሽካ ነፉ። ንግግር የለም፣ የሕሊና ጸሎት የለም፣ ሪባን የለም። በዚህ አገር በሰዓቱ የተጀመረ ጨዋታ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ምክንያቱንም አውቀዋለሁ፣ ደሴት ላይ እያስቀደሰ ነው።

ዘጠኝ ለዘጠኝ ነው የሚጫወቱት። ያለ አሰልጣኝ፣ ብዙዎቹም እህል ሳይቀምሱ። ኳሱ እንደ ቢሮ ቀጠሮ ነው፣ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። ጎርጎራዎች ጠንካሮች ናቸው፤ አምበላቸው ዓሣ ነጋዴ ናት፣ ክንዷ የያዘውን አይለቅም። እስከ መጨረሻው ሲመሩ ቆዩ። ሊያልቅ ሲል ሰብለ ከሁለት ተከላካዮች አናት ላይ ኳሱን ቀለበች። በአየር ላይ ለቀለበ ማንም አይነካውም፣ ረጋ ብሎ ይመታል። እሷም ረጋ ብላ መታች። በመካከለኞቹ ቋሚዎች መሐል አለፈ፤ በስድስቱ ነጥብ ቀድመን ጨዋታው አለቀ። እኔ ለጋዜጠኛ የማይገባ እልልታ አቀለጥኩ።

የጎርጎራዋ አምበል ሜዳው ላይ ተቀመጠች። ደመወዙ አንድ ብቻ ነበር፤ ለማን እንደሄደ ገብቷታል። ሰብለ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኳቸውም።

ማምሻ፤ ጎርጎራ

ልዑካኑ 12 ሰዓት ላይ ከሰል በጫነ ጀልባ ደረሱ። የአዲሱን ቱታ ነገር ለእናንተ እተወዋለሁ። ክቡር ኃላፊው ውጤቱን እንደሰሙ በባዶው ሜዳ ላይ ለካሜራው ንግግር አደረጉ፤ ድሉ ሦስት ሰዓት በእግራቸው ቆመው ያስገኙት መሆኑንም አስረዱ።

ጋሽ አለልኝ ግን አልሳቁም። ውሉን አውጥተው ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ቃሌን አላጥፍም አሉ። “ታላላቆቿን ደሴት ላይ ጥላ የምትሄድ ልጅ ግን አምበል ሆና የእኔን ስም አትይዝም። ሌላ ምረጡ፣ ከዚያ እፈርማለሁ።” ክቡር ኃላፊው ዲሲፕሊን ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተጫዋቾቹ አቀረቀሩ። ከመካከላቸው አንዷ ሁላችንም ተሳፍረን ነበር አለች፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። እኔ ተናደድኩ። ብዕሬን ይዤ ምን እንደምጽፍባቸው እያሰብኩ ሳለ ሰብለ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

“ጋሽ አለልኝ፣ የአምበል ደመወዝ ይበልጣል?”

“አይበልጥም። ሁሉም እኩል ነው።”

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። እኔ ደግሞ ተሽሬ ልብላ። ወረቀቱን ይስጡኝ።”

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ጋሽ አለልኝም ሳይወዱ ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ሹመቱን ይመልሱላታል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልመለሱላትም። ከሁሉ በፊት የፈረመችው እሷ ናት።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ባሕር ዳር

ወደቡ ላይ የአበባ ጉንጉን ጠበቀን። የመጀመሪያው ክቡር ኃላፊው አንገት ላይ ዋለ፣ የመጨረሻው አጎታቸው አንገት ላይ። ለተጫዋቾቹ አልደረሰም፤ እነሱ ሻንጣ እያወረዱ ነበር።

እኔና ሰብለ ወደ ዘንዘልማ የሚሄድ ባጃጅ ተጋራን። ጉልበቷ ተልጧል፣ ማሊያዋን አልቀየረችም። ነጂው በመስታወቱ ሲያያት ቆየና ወሬ ጀመረ።

“እህቴ፣ ምን ትሠሪያለሽ?”

“ኳስ እጫወታለሁ።”

“እሱንማ አየሁት። ሥራሽን ነው የጠየቅሁሽ።”



“ሥራዬ ነው” አለች ሰብለ።