ጤፍ የዘራን ዕለት

ትናንት ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት ስሄድ ሰዎች የጤፍ ማሳ በከብት ሲያስረግጡ አየሁ። የረጠበው ጥቁር አፈር ሽታ በመኪናው መስኮት ገባ።

እኛም እንዲህ አስረግጠን ጤፍ ስንዘራ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በዚያ ክረምት ዝናቡ ዘግይቶ ማሽላችን ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል መዝነብ ጀመረ፤ እኛ ግን ለመዝራት የቀረን ዘር አልነበረም።

አንድ ጠዋት የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ሁሴን አራት በሬ እየነዳ፣ ጤፍ በከረጢት ተሸክሞ መጣ። ከአባቴ ጋር ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ደጃችን ላይ ቆሞ እኔን ጠራኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለአባትሽ ንገሪው። ማሽላው ሄዷል፤ ጤፍ ግን ቶሎ ትደርሳለች። ዝናቡ ሳያባራ መሬቱን እናስረግጥ።»

አባቴ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። «እሺ በይው» አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን በሬ ሲነዱ የተነጋገሩት በእኔ በኩል ብቻ ነበር። ጭቃው ሲለሰልስ አያ ሁሴን ዘሩን በተነ። አፈር ላለብሰው ጎንበስ ስል እጄን ያዘኝ።

«ተይ፣ ከላይ ትተኛ። ደቃቅ ናት፤ አፈር ከተጫናት አትወጣም።»

በአምስተኛው ቀን ማሳው አረንጓዴ ሆነ። አባቴ «ሩጪና ‹በቅላለች› በይው» ብሎ ላከኝ። አያ ሁሴን ከሶላት ሲነሳ ደረስኩ።

«እሱ ነው የላከሽ?»

«አዎ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ፊቱን በፎጣው ሸፈነ።

ያን ዓመት ሳንራብ ከረምን። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም። በምን እንደተጣሉ የነገረኝ የለም፤ ያለ እኔ ሲነጋገሩም ሰምቼ አላውቅም።