የረቡዕዋ ሲጋራ

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ከአዋሽ አርባ ወዲያ በተከፈተ የጥጥ እርሻ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርሁ። ከደጋ የወረድሁት ብቻዬን ነው። ለቀማው ሲያልቅ ለቃሚዎቹ በካሚዮን ተጭነው ይሄዳሉ፤ እኔና ባዶ ጆንያዎቹ እንቀራለን። ሲጋራ የለመድሁት ያን ጊዜ ነው። በማንም አላመካኝም፣ ሰው ስላጣሁ ነው።

ያጨኋት ልጅ አዋሽ ትኖር ነበር፤ አባቷ የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ ናቸው። ሽማግሌ ብልክባቸው እሺ አሉ፣ ግን አንድ ነገር አስከተሉ።

«ልጄን የምድራት በቁርባን ነው» አሉኝ። «ትምባሆ የለመደ አፍ ቁርባን አይቀበልም። የንስሐ አባታችን አርባ ቀን ብለዋል። አርባ ቀን ሳታጨስ ቆይና፣ ሲሞላ እሑድ መጥተህ ንገረኝ። ቃልህን አምናለሁ።»

ከሁሉ የከበደኝ ቃልህን አምናለሁ ማለታቸው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ሁላችንም ዶክተር የምንለውን የእርሻውን ክሊኒክ ድሬሰር ሄጄ ጠየቅሁት።

«ዶክተር፣ ይሄ ነገር ሰውነት ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ኒኮቲኑ? በሁለት በሦስት ቀን ከደምህ ይወጣል» አለኝ መርፌ እየቀቀለ። «አመሉን ግን እንጃ። ለሱ መድኃኒት የለኝም።»

ጆሮዬ የያዘው ሦስት ቀን የሚለውን ብቻ ነው።

ሠላሳ ስድስት ቀን ቻልሁ። በሠላሳ ሰባተኛው፣ ረቡዕ፣ ከሥራ ስወጣ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ለቃሚዎቹ ማክሰኞ ሄደዋል። ሁልጊዜ የሚያጫውተኝ አፋሩ ዘበኛም ግመሎቹን ሊያይ ወደ ዘመዶቹ ሄዷል። ደጄ ላይ ተቀምጬ የማናግረው አጣሁ፣ ሆዴ ባባ። ከሱቅ አንዲት ሲጋራ ገዛሁ። የጸሐፊ ነገር፣ እያጨስሁ በጣቴ ቆጠርሁ፦ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። እሑድ ደሜ ንጹሕ ነው አልሁ። ረቡዕ የጾም ቀን መሆኑ እንኳ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው።

እሑድ የታጠበ ልብስ ለብሼ፣ አፌን በሎሚ ተጉመጥምጬ በእርሻው ካሚዮን አዋሽ ገባሁ። አባቷ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም ነበር። በር የከፈተችልኝ እሷ ናት፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

«አርባው ሞላ?» አለችኝ።

«ሞላ።»

«አንድም ቀን አላጨስህም?»

አላጨስሁም ማለት እችል ነበር። ፊቷን ሳይ ቃሉ አልወጣልኝም።

«አሁን ሰውነቴ ውስጥ የለም» አልሁ። «ዶክተሩን ጠይቄዋለሁ፣ በሦስት ቀን ይወጣል።»

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ ሰውነትህ ነው እንዴ?»

አልተቆጣችም፤ ድምጿ ግን ቀዘቀዘ። ሁሉንም ነገርኋት፣ ብቸኝነቱን ጭምር።

«ከፍቶህ አጨስህ፣ ይሄ ይገባኛል» አለች። «ተቀምጠህ ቀን መቁጠርህ ግን አባቴን ለማታለል ነው።»

አባቷ ሲመጡ፣ ሳይጠይቁኝ እኔው ተናገርሁ። እንዲህ ያፈርሁበትን ቀን አላስታውስም። አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ሌላ አርባ ቀን ሊሰጡኝ ፈቀዱ። አይሆንም፣ አላገባውም ያለችው እሷ ናት።

ወደ እርሻው ተመልሼ አርባውን ከአንድ ጀመርሁ። ሳላጎድል ጨረስሁት። በአርባኛው ቀን ማግስት እሑድ ነበር፤ ልብሴን ለብሼ ደጄ ላይ ተቀመጥሁ፣ መጨረሴን የምነግረው ሰው አልነበረኝም።