ስሙን ያላወቅነው ነጭ ወፍ

ይህ ታሪክ መነገር የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። እኩዮቼ የልጅነት ትዝታ ሲነሣ ሆያ ሆዬን፣ ሰኞ ማክሰኞን፣ የእንቁጣጣሽ ቀሚሳቸውን ያወራሉ። እኔ ግን ልጅነቴን ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ከጊንጪ በታች ያለው ውሃ የተኛበት ሜዳና በውስጡ ሲያጎነብስ የሚውል አንድ ነጭ ነገር ነው። ስለዚህ እሱኑ እጽፋለሁ።

አባቴ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። ከተማው «ዶክተር» ይለው ነበር፤ እሱም መድኃኒት መድኃኒት የሚሸተውን ነጭ ጋዋኑን ሳይለብስ በቅሎው ላይ አይወጣም። በነሐሴ አጋማሽ ከሜዳው ማዶ የከብት በሽታ ገባ ተብሎ ሄደ። በማግስቱ በቅሎዋ ኮርቻዋ ተንጋዶ፣ እስከ ሆዷ ጭቃ ሆና፣ ብቻዋን ተመለሰች። ሰው ሁሉ ያን ጊዜውኑ ገባው። ለፍለጋ የወጡትን ግን ውሃው አላሳልፍ አላቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማዶ ነጭ ነገር ታየ። ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ጥቂት ይራመዳል፣ ደግሞ ጎንበስ ይላል። እናቴ ከጓሯችን ሆና አየችውና ጮኸች፦ «ጋዋኑ ነው! መርፌው ወድቆበት እየፈለገ ነው!» ከዚያ ወዲያ ከጓሮው አልተነቀለችም። ልጆቹ መንገድ ላይ «የዶክተር ልጅ! አባትሽ ዶክተርነቱን ትቶ ጎመን ይለቅማል እንዴ?» ይሉኝ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ «አዎ፣ ይለቅማል!» እላቸው ነበር። የሚለቅም ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነዋ።

አንድ ማለዳ የዕድራችን ዳኛ ኦቦ ዲንቃ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። በማለዳ የመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ የእኛ አገር ልጅ ሁሉ ያውቃል። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ኦቦ ዲንቃ፣ ቆሞ እያያችሁት ልታረዱኝ ነው?»

መርዶ ሳይነገር ለቅሶ አይቀመጥም፤ ድንኳንም አይተከልም። ኦቦ ዲንቃ የልጅ ዓይን ይሻላል ብለው እኔን ፈረሳቸው ላይ አፈናጥጠው እስከ ውሃው ዳር ወሰዱኝ። አካባቢው የበሰበሰ ሣር ይሸታል። ጉሙ ሲገለጥ ነጩ ነገር ቀና አለ። እግሩ ረጅምና ጥቁር ነው፤ አፉ ጫፉ ላይ እንደ ጭልፋ ተዘርግቷል። በዚያ አፉ ውሃውን ወዲህና ወዲያ ያማስል ነበር። ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ ተነሣ።

«ሲምቢራ» አሉ ኦቦ ዲንቃ ቀስ ብለው በኦሮምኛ። ወፍ ነው ማለታቸው ነበር፤ በአማርኛ ለመድገም አቅም ያጡ መሰለኝ።

ተመልሰን ለእናቴ ነገርናት።

«ምን ወፍ?»

«እንጃ» አሉ ኦቦ ዲንቃ። «ሽመላ አይደለም። ጋጋኖም አይደለም።»

«ስሙን ሳታውቁ ወፍ መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

«እማዬ፣ አፉ ጭልፋ ነው» አልኳት።

«ጭልፋ አፍ ያለው ወፍ! ይህችንም ልጅ አስጠናችኋት?»

መርዶው እንደመጣ ተመለሰ። እናቴ ማታ ማታ የአባቴን ድርሻ ከድና ማስቀመጧን ቀጠለች። ከመስቀል በኋላ ወፉ ጠፋ። «ደረቅ መሬት አግኝቶ ወጣ፤ አሁን ይመጣል» አለችና ደጁን ጠረገች።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በባዮሎጂ ክፍላችን መስተዋት ሣጥን ውስጥ፣ ገለባ ተሞልቶ የቆመ ያንኑ ወፍ አየሁ። መምህራችን በእንግሊዝኛ ስፑንቢል፣ ማንኪያ አፍ እንደ ማለት፣ እንደሚባልና ክረምታችን ሊያልቅ ሲል ከባሕር ማዶ እየመጣ ረግረግ ላይ ጥቂት አርፎ እንደሚያልፍ አስረዱን። ዛሬ ለጠየቀኝ ሁሉ ስሙን መናገር እችላለሁ፤ ያኔ ግን የጠየቀችኝ እናቴ ነበረች። ብነግራት ኖሮ ያን ሁሉ ሳምንት የማይበላ ራት ከድና ባላስቀመጠች። ግን ደግሞ ያን ሁሉ ሳምንት ባል ነበራት። የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያው ዓመት፣ ወፉ ከጠፋ በኋላ ውሃው ሲጎድል፣ ሣር አጫጆች አባቴን አገኙት። ኦቦ ዲንቃ እንደገና በማለዳ መጡ፤ እናቴ ምንም ሳትጠይቅ በሩን ራሷ ከፈተችላቸው። ጥቅምት 9 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር።