ከሆቴሉ ግንብ ውጭ የዘፈኑት

ባለፈው ሰሞን ስልኬን ላሠራ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር አንድ ሱቅ ገብቼ ቆሜ ሳለሁ፣ ጠጋኙ ወጣት በከፈተው የፈረንጅ ዘፈን መሀል፣ ክሩ ላይ እየተንሸራተተ በአፍንጫው የሚያለቅስ የሚመስል የጊታር ድምፅ መጣና፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። ልጁ ፊቴን አይቶ፣ እንደ ሶማሌዎቹ ወግ አክስቱ አድርጎኝ፣ «ኤዶ፣ ልቀንሰው እንዴ?» አለኝ። «ተወው» አልኩት። እሱ ምን አጠፋ?

ያን ድምፅ ያወቅኩት በልጅነቴ፣ የባቡር ሠራተኛው አባቴ ከድሬዳዋ አምጥቶ፣ ሐዲዱ በሚያበቃበት በዚህ የሰው አገር የወደብ ከተማ ባሰፈረን በካርቲየ 2 ነው፤ ጣውላና ቆርቆሮ ተደጋግፈው ቤት በሆኑበት፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ማዶ «ይማርህ» በሚባልበት ግቢ። የጎረቤታችን ልጅ ዘሪሁን፣ አንድ መርከበኛ ወደብ ላይ ትቶት የሄደ ካሴት እጁ ገባ፤ ከአሜሪካ ደቡብ የመጡ ባለ ጢም ሰዎች ስለ ዝናብ፣ ስለ ውሻና ስለ ጭነት መኪና የሚዘፍኑበት ነው አሉ። አንድ ቃል ሳይገባው ፍቅር ያዘው። የጠርሙስ አንገት ጣቱ ላይ ሰክቶ ጊታሩን ማስለቀስ ጀመረ፤ ሶማሌው ሮብሌ ባዶ የዘይት በርሜል እየደበደበ፣ አፋሩ ሁመድ ሃርሞኒካ እየነፋ ተከተሉት። በዚያ አንጎል በሚያቀልጥ ሙቀት ሰፊ ሰፊ ባርኔጣ ስለሚደፉ ሰፈሩ «ባለ ባርኔጣዎቹ» አላቸው። ስለምን አይዘፍኑም! ፍየል ስለበላችው የመታወቂያ ወረቀት፣ በጋላፊ ድንበር መንገድ ላይ ፍሬን ስለተበጠሰበት ሾፌር። እናቴ «ይሄ ደግሞ የአህያ ሙዚቃ ነው» ትል ነበር።

ወዳጆቻቸው የከተማው ትልልቅ ሰዎች አልነበሩም። በየሀብታሙና በየፈረንጁ ቤት እየሠሩ የሚያድሩት የአገራችን ሴቶች ነበሩ፤ የከተማው የዕረፍት ቀን በሆነው ዓርብ ከሰዓት ሲለቀቁ ወደ ግቢያችን የሚጎርፉት። የሁሉም አለቃ ጥሩነሽ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ የምትተኛው ከእመቤቷ ወጥ ቤት አጠገብ ባለች መስኮት የለሽ ክፍል ውስጥ ነው። ዓርብ እኛ ቤት ትመጣና ሽርጧን አውልቃ፣ ከእናቴ ሽቶ አንገቷ ላይ ነካ አድርጋ፣ ሌላ ሰው ሆና ትወጣለች። ከካርቶንና ከዘንባባ ቅጠል ባርኔጣ እየሠራች ለሁሉም ታድላለች፤ ባርኔጣ ያልደፋ ከፊት አይቆምም። የዘሪሁን አማርኛ ከፈረንሳይኛ ጋር ተቦክቶ ያደገ ስለሆነ ግጥሙን የምታቃናለት እሷ ናት። የሾፌሩን ዘፈን አዝማችም የሰጠችው እሷ ናት፦ «ያዘው ፍሬኑን፣ ያዘው!» እጇን ስታነሣ ያ ሁሉ ሴት አብሮ ሲጮኽ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። እናቴንም አንድ ቀን ሰሃን እያጠበች «ያዘው!» ስትል እጅ ከፍንጅ ይዣታለሁ። ጥሩነሽ በዚያ ሰዓት የማንም ሠራተኛ አልነበረችም።

ታዲያ ከባሕሩ ዳርቻ ያለ አንድ ሆቴል ባለ ባርኔጣዎቹን ዓርብ ከሰዓት እንዲጫወቱ ቀጠራቸው። ከእነሱ ይልቅ የተደሰተችው ጥሩነሽ ናት። ሴቶቹ ያላቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ፤ እኔንም እጄን ይዛ ወሰደችኝ። በሩ ላይ ዘበኛው ሳቀና የት የት እንደሚሠሩ ጠየቃቸው። ሥራ አስኪያጁ ወጥቶ፣ የቤት ሠራተኛ የምትገባው የአሠሪዎቿን ልጅ ይዛ ከሆነ ብቻ ነው አለ።

«እኛ የባንዱ ሰዎች ነን፤ ዘሪሁንን ጥሩት» አለች ጥሩነሽ።

ዘሪሁን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣና ከብረት በሩ ወዲያ ቆመ። «ለዛሬ ብቻ ቻሉኝ እባካችሁ፤ እንጀራዬ ነው» አለና ዞረ።

«ዘሪሁን!» ብትለው አልተመለሰም።

ወዲያው ከውስጥ የሾፌሩ ዘፈን ተጀመረ። አዝማቹ ጋ ሲደርስ ጭጭ ሆነ፤ ከእንግዶቹ የሚያውቀው የለማ! ያኔ ጥሩነሽ ውጭ ፀሐይ ላይ እንደቆመች እጇን አነሣች፤ ሴቶቹም «ያዘው ፍሬኑን፣ ያዘው!» ብለው በግንቡ ላይ ለቀቁት። እንግዶቹ መጠጣቸውን እንደያዙ ወደ ግንቡ ሮጡ። አጨበጨቡ። ካሜራ ደቀኑ። የትርኢቱ አካል መስለናቸው ነው! ከሚያጨበጭቡት መሀል የጥሩነሽ እመቤት ነበረች፤ ሠራተኛዋን ስታይ እጇ ባለበት ደረቀ። ጥሩነሽም አየቻት። አዝማቹን ከመሀል ቆርጣ ባርኔጣዋን አወለቀችና «በቃ፣ እንሂድ» አለች። ጭብጨባው ከኋላችን ቀጠለ። እስካሁን ስሰማው ጥርሴን ያፋጨኛል።

በማግሥቱ ልብሷ በፌስታል ተቋጥሮ ከበር ውጭ ተቀመጠላት፤ እመቤቲቱን እንግዳ ፊት አሳፍራለች ተብሎ። እኛ ቤት ከእኔ ጋር ስታድር ሰነበተች። ሮብሌ መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና፣ መሬት መሬት እያየ «እህቴ፣ ከእንግዲህ እዚያ አልመታም» አላት፤ ቃሉንም ጠበቀ። ዘሪሁን ግን ቤቱ ከቤታችን በአንድ ጣውላ ተለይቶ ሳለ ብቅ አላለም። ለድሬዳዋ ባቡር ስንሸኛት እናቴ በመስኮት ዳቦ አቀበለቻት። ጥሩነሽ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ሆቴሉም ብዙ ሳይቆይ ባለ ባርኔጣዎቹን አሰናብቶ አንድ ባለ ኪቦርድ ቀጠረ።

ዛሬ ያ ግቢ የዕቃ መጋዘን ሆኗል። አሁን በየቤቱ የሚሠሩት ልጆች ብዙዎቹ ዓርብ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ልብስ እያጠቡ ጆሯቸው ላይ በሰኳት ነገር ለየብቻቸው ያዳምጣሉ። ሙዚቃማ ሞልቷል፤ ስልኩ ሁሉ ይዘፍናል። የጠፋው ያቺ በሳምንት አንዴ ማንም «ነይ፣ ሂጂ» የማይላቸው ሰዓት ናት። ባለ ባርኔጣዎቹ ለጥቂት እንግዶች ጭብጨባ ሸጧት።

ዘንድሮ በፋሲካ ማግሥት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ዘሪሁንን አገኘሁት፤ ፀጉሩ ነጥቶ፣ ከዘራ ይዞ። አንቱ ልለው አፌ እምቢ አለኝ። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«አንቺ! እንዴት ይወዱን እንደነበር ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ያቺ ከፊት የምትቆመዋ፣ ግጥም የምታቃናልኝ... ማን ነበር ስሟ?»

ሽማግሌው ከልቡ ነው፤ ግንባሩን ቋጥሮ ይፈልገዋል። ጥሩነሽ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አንተ ነበርክ ማወቅ ያለብህ» አልኩትና ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።