ከበር ውጭ የተመረጠው አምፕ

ቤዝ ጊታር ተጫዋች ወገቡን ሲያመው ጥፋቱ የጊታሩ ሳይሆን የአምፑ ነው። የእኔ አሮጌ የድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር ቁመቱ ደረቴ ድረስ ነበር፤ ባለቤቴ «ቁም ሳጥኑ» ትለዋለች። ሠርግ በተጠራን ቁጥር ቁም ሳጥኑን ከፎቅ አውርዶ ቫን ላይ መጫን፣ ከቫን አውርዶ መድረክ ላይ ማውጣት፣ ሲያልቅ ደግሞ ያንኑ ወደ ኋላ መድገም ነው። አንድ ቅዳሜ ደረጃው መሃል ላይ ወገቤን ቀጭ አደረገኝ። የሠፈሬ ሐኪም የጂፒው ቀጠሮ እስኪደርስ ወገቤ በራሱ ጊዜ ሊድን ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሐኪሙ ግን «ሁለተኛ ከባድ ነገር እንዳታነሳ» አለኝ።

ይህን ለዘፋኛችን ነገርኳቸው። በዕድሜ ታላቃችን ስለሆኑ ባንዱ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ከአዲስ አበባ ከወጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ አማርኛቸውም የሙዚቃ ሕጋቸውም እዚያው የወጡበት ቀን ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ትንሽ አምፕ ልግዛ ብዬ ነው። በእጅ የሚያዝ፣ አውቶቡስ ላይ የሚወጣ።»

«ልጄ፣ እኛ ሆቴል ቤት ስንሠራ የቤዙን አምፕ አራት ሰው ነበር የሚሸከመው። ሰው ያላላበበት ቤዝ፣ ቤዝ አይባልም።»

«ወገቤስ ታዲያ?»

«ወገብህማ ይረፍ። የኪቦርዱ ልጅ በግራ እጁ ቤዙን ይይዘዋል።»

ይህች ንግግር ከወገቤ ይበልጥ አመመችኝ። በእኛ ሠርግ ላይ አንድ ኪቦርድ ከበሮም፣ ዋሽንትም፣ ማሲንቆም ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረችኝ ቤዟ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ሂትሮው አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ምግብ እጭናለሁ፤ እሱ ለኑሮ ነው። ሰው የምሆነው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜን እንዳላጣ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ጋሼ ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ ትንሽ ራሩ።

«በል የሚመጣው ሠርግ ላይ ይዘኸው ና። አዳራሹ መጨረሻ ድረስ ካልተሰማኝ ግን የኪቦርዱ ግራ እጅ ይሠራል» አሉ።

ከባለቤቴ ጋር ካምደን ወደሚገኝ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ሄድን። አማካሪ አድርጌ አልወሰድኳትም፤ ብቻዬን ከሄድኩ ሌላ ቁም ሳጥን ገዝቼ እንደምመለስ ስለምታውቅ ራሷ ናት የተከተለችኝ። ሻጩ ትንንሾቹን አምፖች ደርድሮ በርጩማ ሰጠኝ። ጊታሩን ሰካሁና ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሳብኩ መታሁ። አፍንጫዬ ሥር ሆነው ሁሉም ያምራሉ። ሻጩ ስለ ዋት ሲያስረዳኝ እንደገባው ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ።

ባለቤቴ ሰዓቷን አየች። «እንዲህ ሆነህ አትመርጥም። የሙሽራውን ዘፈን ምታ፣ እኔ ውጭ ነኝ» ብላ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

ግራ ቢገባኝም መታሁ። በሩን ከፍታ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ይሄ ይጮሃል እንጂ አይናገርም። ቀጥል።»

ሁለተኛውን መታሁ። አሁንም ብቅ አለች።

«ይሄ ደግሞ ውሃ ጎርሶ የሚያወራ ነው። ቀጥል።»

ሦስተኛው ከሁሉም አጭሩ ነበር፤ ጋሼ ቢያዩት በሳቅ የሚሞቱበት። እሱን ስመታ ሳትመጣ ቀረች። በመስታወቱ አሻግሬ አየሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ የአስቤዛ ፌስታሏን እንደያዘች፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ውሻ የሚያናፍሱ አንዲት ፈረንጅ ቆመው ያዩዋታል። እሷ ምን ገዷት።

ገብታ «ይሄኛው አንተ ነህ» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«እንዴት አላውቅ? እኔ መቼ አዳራሽ ገብቼ ሰምቼህ አውቃለሁ? ሁልጊዜ ቫን ውስጥ ነኝ። ግድግዳ አልፎ የሚመጣልኝ ያንተ ቤዝ ብቻ ነው።»

እውነቷን ነው። ቁም ሳጥኑን ሩቅ ስለማይሸከሙት ቫኑ የሚቆመው በር ላይ፣ መኪና ማቆም በተከለከለበት ቢጫ መስመር ላይ ነው። የፓርኪንግ ተቆጣጣሪው ሲመጣ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እሷ ነበረች። ክትፎዋ በፎይል ተጠቅልሎ ይወጣላታል። እኔ ፊልም እያየች የምትቆይ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ለካ ስታዳምጠኝ ኖራለች። አምፑን ገዛን።

ሠርጉ ፓርክ ሮያል የሚባል ሠፈር ነበር፣ ከመጋዘኖች መሃል ባለ አዳራሽ። ጊታሬን በጀርባዬ፣ አምፑን በእጄ፣ ባለቤቴ በሀበሻ ቀሚስ፣ በአውቶቡስ ሄድን። ጋሼ በር ላይ አገኙን።

«ምሳህን ቋጥረህ መጣህ?» አሉ አምፑን እያዩ።

ገብቼ ጊታሬን ሰካሁበት። ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ እልልታና ጭብጨባው ሲቀልጥ፣ የኪቦርዱ ግራ እጅ ቁልፎቹ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። እኔም መታሁ። ጋሼ ማይካቸውን ይዘው እየዘፈኑ በሕዝቡ መሃል ሄዱ፣ ሄዱ፣ የኋላው በር ድረስ ደረሱ። እዚያው ቆመው አንድ ስንኝ ዘፈኑ፣ ደገሙት። ከዚያ ወደ ኪቦርዱ ዞረው ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። እጅህን ከቁልፎቹ አንሳ፣ ቤዙ ይሰማኛል ማለታቸው ነው፤ የኪቦርዱ ልጅም አነሳ።

ያን ጊዜ ባለቤቴን በዓይኔ ፈለግኳት። ከወንበሮቹ አጣኋት። ጭፈራው መሃል፣ ከሙሽራዋ እናት ፊት ለፊት፣ ትከሻዋን ትሰብቃለች። ስንት ሠርግ ሠርቼ እሷ ስትጨፍር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ጣቶቼ ዘፈኑን ባያውቁት ኖሮ እዚያው አቆም ነበር።

ለእረፍት ስንወርድ ላቧን በነጠላዋ እየጠረገች መጣች።

«እንዴት ነበር?» አልኳት።

ወደ ጋሼ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና «ለካ ዘፋኝም አላችሁ!» አለችኝ።