ልጅ የቆጠረችው ተማሪ

በንጉሡ ዘመን፣ ወረታ ገና ጥቂት ቆርቆሮ ቤት በነበራት ጊዜ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከአዲስ አበባ አንዲት ተማሪ መጣች። የምትማረው ማኅበራዊ አገልግሎት ይባላል አሉን፤ ቤት ለቤት እየዞረች የእናቶችንና የሕፃናትን ችግር መስማትና መርዳት ነው ሥራዋ። ለልምምድ ስድስት ቤት ተሰጣት። አንዱ የእኔ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ደጃፌ ላይ ቆማ፣ ደብተሯን ገልጣ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ "እትዬ፣ ስንት ወለዱ? ስንቱ ሞተ?" አለችኝ።

በእኛ አገር እንኳን ልጅ፣ በረት ያለ ከብትም አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። ያን ዓመት ሴት ልጄን በወባ ቀብሬ ነበር፤ የቀሩት ሁለቱ ከኋላዬ ቆመዋል። "እግዜር ያውቃል" አልኋት። አላቆመችም። በጣቷ እየጠቆመች፣ "አንድ፣ ሁለት... ሌላስ?" አለች። ያን ሳምንት ትንሹ ባነጠሰ ቁጥር ግንባሩን ስዳስስ ሰነበትሁ።

ከዚያ በኋላ ስትመጣ ጓሮ ጎመኑ መሃል እቀመጣለሁ። ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤቴ "የለችም፣ ገበያ ሄዳለች" ትልልኛለች። ተማሪዋም በዚያ ጭቃ እየዳከረች ትመለሳለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። ጎረቤቴ፣ "ማክሰኞ ምን ገበያ አለ ብላ እንኳ አትጠይቅም እኮ፣ ምስኪን!" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በመስከረም መጨረሻ መምህሯ መጣ፤ በየቤቱ ስለ ሥራዋ ሊጠይቅ። ሳልሸሽ ቤቴ ውስጥ ደረሱብኝ። ጠላ ቀዳሁላቸው። ልጅቱ ጠላዋን አልነካችም።

"እሜቴ፣ ልጅቱ እንዴት ናት?" አለ።

"ምን ይወጣላታል! እግዜር ይስጣት" አልሁ። እንግዳ ፊት ለፊት አይነቀፍም።

"አምስቱም ቤት እንዲሁ አሉኝ። በደብተሯ ግን የእርስዎ ገጽ ባዶ ነው። ለሥራ ደርሳለች ብዬ ልፈርም ወይስ ልመልሳት፣ ዛሬ መወሰን አለብኝ።"

ብናገር የሰው ልጅ እንጀራ ላቋርጥ ነው፤ ብሸሽግ ነገ ሌላ እናት ደጃፍ ቆማ ትቆጥራለች። ደግሞስ ከሦስተኛ ክፍል የቀረሁ ሴት፣ የተማረ ሰው ምን ጎደለው ልበል?

"ልጅ ትቆጥራለች" አልሁ፣ ዓይኔን ከመሬት ሳላነሳ።

"ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይንገሯት" አለ መምህሩ።

ወደ እሷ ዞርሁ። "የኔ እናት፣ ደጅ ቆመሽ፣ ሰው እየሰማ የሞተችብኝን ጠየቅሽኝ። የቀሩትንም በጣትሽ ቆጠርሽብኝ። ፈራሁሽ።"

ፊቷ ቀላ። "እርስዎስ፣ እትዬ? ነጠላዎ ጎመኑ መሃል እየታየኝ ሦስት ጊዜ የሉም ተብዬ ተመለስሁ። ለምን በዚያኑ ቀን አልነገሩኝም?"

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አደረግሁ። ማፈሬን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ "እሺ፣ እንዴት ብዬ ልጠይቅ?"

"መጀመሪያ ግቢ። ተቀመጪ። ከዚያ እኔው እነግርሻለሁ።"

መምህሩ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። "አልፈርምም፤ አልመልሳትምም። እስከ ኅዳር ትቆይ። ያኔም እርስዎኑ እጠይቃለሁ።"

የሰው ልጅ ዕጣ በእኔ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በሳምንቱ መጣች። ገብታ ተቀመጠች፤ ደብተሯን አልገለጠችም። ሽምብራ እየለቀምሁ ስለ ሟቿ ልጄ ነገርኋት፣ ሳትጠይቀኝ። በሌላው ሳምንት ግን ስለ ትንሹ ልጄ ሳል ጀምሬ ሳልጨርስ፣ "ሐኪም ቤት ይውሰዱት" ብላ ብድግ አለች። "ቆዪ እንጂ፣ ወስጄው ነበር እኮ!" አልኋት። ደንግጣ ተቀመጠች።

ኅዳር ላይ መምህሩ ያንኑ ጠየቀኝ። "አሁንም ትቸኩላለች" አልሁት። "ግን ቤትሽ ማን ይምጣልሽ ቢሉኝ፣ እሷን ነው የምለው።"

ሳቀና ፈረመ። እኔ ገና ያኔ ተነፈስሁ። ልጅቱ ግን ወረቀቱን ዞር ብላም አላየችው፤ በርጩማዋን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ፣ "እትዬ፣ የቱ ላይ ነው ደግሞ የቸኮልሁት?" አለችኝ።